የአያቴን ባና ያስጠገንሁበት የመሐል ሜዳ ሱቅ

በመንዝ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በሩ ላይ ከተሰቀለው ጥቁር ባና (ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም መደረቢያ) በቀር ሰሌዳም ሆነ ማስታወቂያ የሌለው አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ሱቁ አዲስ ባናና ዝተት ይሸጣል፤ እኔን ከአዲስ አበባ ድረስ የወሰደኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። ብል የበላውን፣ ጠርዙ የተተረተረውንና ስፌቱ የለቀቀውን አሮጌ ባና ተቀብሎ፣ በዚያው በበግ ጠጉር ክር አድሶ ይመልሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ያነጋገርኋቸው ልብስ ሰፊዎች ገበር አልብሰው በመኪና ሊሰፉልኝ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ይህን አሮጌ ነገር ጥለህ ከመርካቶ ደህና ብርድ ልብስ ብትገዛ ይሻልሃል ብሎ መክሮኛል።

ባናው የአባቴ አባት የነበረ ነው። አያቴ በጠላት ወረራ ዘመን በአበበ አረጋይ ሥር ከተሰለፉት የሸዋ አርበኞች አንዱ ነበሩ፤ በቤተሰባችን ሲነገር የኖረው ታሪክም ያን ሁሉ የጫካ ዘመን በዚህ በአንድ ባና እንዳሳለፉ፣ ቀን ደርበውት ሌሊት ተከናንበውት እንደኖሩ፣ ከፈረንጅ የመጣ ጨርቅም አንድ ቀን ገላቸውን ነክቶ እንደማያውቅ የሚተርክ ነው። እኔ ከመንዝ የወጣሁት ገና በልጅነቴ፣ አባቴ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በተዛወረ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን በመጣ ቁጥር ባናው ከሣጥን ወጥቶ በወንበር ላይ ሲዘረጋ፣ አባቴም ታሪኩን ቃል ሳይለውጥ ሲደግመው እየሰማሁ አደግሁ። የአያቴ ታላቅ ወንድም ግን በቤታችን አይወሱም ነበር። የርስት ነገር ሲነሣ ስማቸው ለአንድ አፍታ ብቅ ይልና፣ አንዱ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ወሬው ወደ ሌላ ይዞር ነበር። ባንዳ እንደነበሩ ያወቅሁት ጎልምሼ፣ ያውም ከቤተሰቡ ውጭ ካለ ሰው ነው።

ከተማ ላደገ አንባቢ ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ይገባኛል። መንዝ አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋና ከዚያም የሚያልፍ፣ ጥጥ የማይበቅልበት፣ ሰው በገብስና በበግ የሚኖርበት ደጋ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ሆኖ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩም ሻካራ ነው። ጠጉሩ ከተሸለተ በኋላ ሴቶች ያጥቡታል፣ ይነድፉታል፣ በእንዝርትም ይፈትሉታል፤ ሽመናው የወንድ ሥራ ነው። ባናን ባና የሚያሰኘው ግን ከሽመናው በኋላ ያለው ድካም ነው፤ ጨርቁ በሙቅ ውሃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፣ ሲረገጥም ጠጉሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ድሩና ማጉ እስከማይለይ ድረስ ይጠብቃል። በሚገባ የተረገጠ ባና ነፋስ አይዘልቀውም፣ ካፊያ ቶሎ አያልፈውም፣ ቢርስ እንኳ ሙቀቱን አይነሣም። ክብደቱና ማሳከኩ ግን አይካድም፤ ስለ ቁንጫው የሚነገረውም ሁሉ ሐሰት አይደለም።

ይህ ዕቃ ለአርበኛው ምን እንደነበር ለመገመት መንዝ ውስጥ አንድ የኅዳር ሌሊት ማደር ይበቃል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ አዲስ አበባ ካለፈበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋና መርሐቤቴ የአርበኞች መዋያና ማደሪያ ነበሩ። አውሮፕላን እንዳያገኘው ከገደል ገደል፣ ከዋሻ ዋሻ የሚዘዋወር ጦር ድንኳን አይተክልም፤ በውርጭ ሌሊት እሳት ማንደድም ያሉበትን ለጠላት ማሳየት ነው። በእኔ ግምት ባናው ከጠመንጃውና ከበሶው ቀጥሎ የሚቆጠር ነበር። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ባናውን ማን ፈተለው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን በቤታችን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

የሱቁ ባለቤት አርባዎቹን ያጋመሱ ሸማኔ ናቸው። እናታቸው ከሱቁ በስተኋላ፣ ብርሃን በሚገባበት ጥግ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ባናውን ከፌስታል ሳወጣ ሸማኔው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ወደ ደጅ አውጥተው በፀሐይ ዘረጉት፤ አንድ እጃቸውን ከሥር አድርገው ጨርቁን ስንዝር በስንዝር በመዳፋቸው ላይ አሳለፉት፤ ጣታቸው ሳስቶ ባገኘው ሥፍራ ሁሉ ነጭ ክር እያሰሩ ምልክት አደረጉ። እኔ ያየኋቸው ቀዳዳዎች ጥቂት ነበሩ፤ እሳቸው ገና ያልተቀደዱትን፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚቀደዱትንም ጭምር ምልክት አደረጉባቸው። የትኛው ቀዳዳ በብል፣ የትኛው በእሳት ፍንጣሪ፣ የትኛው በመታሸት እንደመጣ እያሳዩ አስረዱኝ። በእሳት የተነካው ጠርዙ ደርቆ ይሰበራል፤ በብል የተበላው ለስልሶ ይሳሳል። ለጥገና የሚሰጥ ዕቃ እንዲህ ተደርጎ ሲታይ ከዚህ በፊት አላየሁም።

በቀኝ ትከሻው በኩል ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ሥፍራው ድርብ ነው፤ ከውስጥ በኩል ሌላ የባና ቁራጭ ተደርቦበታል። ድርቡን ብል ስለበላው በመርፌ ጫፍ ከአንድ ወገን ፈታ ሲያደርጉት፣ በሁለቱ መካከል ሁለት መዳፍ የሚያህል፣ አመድማ አረንጓዴ የሆነ ጨርቅ ወጣ። ድሩና ማጉ እኩል፣ ላዩ ላይ ሰያፍ መስመር ያለበት፣ እጅግ ጥብቅ የሆነ የሱፍ ጨርቅ ነው። ሸማኔው በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው «ይኼ የእኛ እጅ አይደለም፤ የመኪና ሥራ ነው፤ የወታደር ጨርቅ ይመስለኛል» አሉ። አመድማ አረንጓዴ ደግሞ የጣሊያን ጦር የደንብ ልብስ ቀለም ነው።

እናታቸው እንዝርታቸውን አስቀምጠው፣ እስኪ አምጡት አሉ። ጨርቁን አገላብጠው ካዩት በኋላ የየት አገር ሰው እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ቀበሌውንና የአያቴን ስም ስነግራቸው፣ ሰው ዕቃ ሲመርጥ በሚናገርበት ድምፅ «የአርበኛው ነህ ወይስ የወንድሙ?» አሉኝ።

የአርበኛው ነኝ አልሁ። እሳቸው ግን ወደ ስፌቱ ነበር የሚያዩት። «አያትህ ያገቡት ጠላት ከወጣ በኋላ ነው፤ እናቴ ስታወራ እሰማ ነበር። በጫካው ዘመን ማን ይፈትልላቸው ነበር ታዲያ? የወንድማቸው ሚስት ናት እንጂ» አሉና ቁራጩ የተሰፋበትን ክር በጥፍራቸው ጫፍ አነሡት። ልጃቸው ያን ክር ከባናው ጠርዝ ከወጣ ክር ጋር ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ውፍረት፣ በአንድ ዓይነት ጥብቀት፣ ከአንድ ዓይነት ጠጉር የተፈተሉ ናቸው። ባናውን የፈተለ ሰውና ቁራጩን የሰፋ ሰው ከአንድ ልቃቂት ክር ወስደዋል ማለት ነው። ስፌቱም ደቃቅና እኩል ነው፤ ሰውየው እንዳሉት ጫካ ውስጥ ጉልበት ላይ አስቀምጠው የሚሰፉት ዓይነት አይደለም፣ ቤት ውስጥ ተረጋግቶ የተሠራ ነው።

የአያቴ ታላቅ ወንድም በዚያ ዘመን በጣሊያን ምሽግ ደሞዝተኛ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የውስጥ አርበኛ ነበርሁ ብለው አመልክተዋል፤ ቤተሰቡ አልተቀበላቸውም። የውስጥ አርበኞች ነበሩ፤ ከጠላት ጋር እየኖሩ ለጫካው ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ ያቀብሉ የነበሩ ሰዎች ሥራ በታሪክ የታወቀ ነው። ስሙን ከድል በኋላ የለበሱም ነበሩና ማንን ማመን እንደሚገባ መለየት ለሚያውቋቸው ሰዎች እንኳ ቀላል አልነበረም። በቤተሰባችን ደግሞ ጉዳዩን የዘጋው ዘረት ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በመንዝ ዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ተከታዮቻቸውን ከብቦ በሰናፍጭ ጋዝ መታቸው፤ እጃቸውን ከሰጡት ወንዶቹን በመትረየስ ፈጃቸው። በዋሻው ከነበሩት ብዙዎቹ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በጦሩ ሰነዶች ተመርቶ በ1998 ዓ.ም. ሥፍራውን እስከጎበኘ ድረስ ነገሩ በውጭው ዓለም እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ መንዝ ግን ረስቶት አያውቅም። እማማ፣ የሸማኔው እናት፣ እንዳጫወቱኝ፣ ከዚያ ሚያዝያ ወዲህ የጣሊያን ደሞዝ የበላ ሰው ሁሉ፣ ያድርግም አያድርግም፣ መንገድ መሪው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ እስከ መቃብሩ ተከትሎታል። ከእኛም ወገን በዋሻው የቀሩ ነበሩና የወንድማማቾቹ ነገር በዚያው ተቆረጠ።

እርግጥ ቁራጩ ምርኮ ሊሆን ይችላል። አርበኛው ጠመንጃውንም ጥይቱንም ልብሱንም ከጠላት እየማረከ ነው የተዋጋው፤ አያቴ ከወደቀ ወታደር ላይ የወሰዱትን ጨርቅ ለወንድማቸው ሚስት ልከው አሰፍተው ይሆናል። ይህን ለሸማኔው ስነግራቸው ሊሆን ይችላል አሉ እንጂ አልተከራከሩኝም። እኔ ግን ወደ ሌላው አደላለሁ። ምርኮ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን የሚያኮራ ነገር ነው፤ ከላይ ይለጠፋል እንጂ በድርብ መካከል አይሸሸግም። የተሸሸገው ከየት እንደመጣ እንዳይታወቅ ነው። ከምሽጉ የወጣ የባል ካፖርት ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ ባልየው ይወቁት አይወቁት ባናው አይነግረኝም። እሳቸው የውስጥ አርበኛ ነበሩ ለማለት ይህ አይበቃም። ሚስታቸው ግን ነበሩ፤ ለእሳቸው ኒሻን የሰጠም፣ በሚያዝያ 27 ስማቸውን ያነሣም የለም፤ እኔም ስማቸውን የሰማሁት ከዚያ ሱቅ ጥግ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። ሸማኔው ቁራጩ ይውጣ ወይስ ይቅር ብለው ጠየቁኝ፤ ሳይጠይቁ ጥለውት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ። እንዲቀር ተስማማንና ድርቡ በአዲስ እንዲተካ፣ ነገር ግን በሦስት ወገን ብቻ ተሰፍቶ አራተኛው ወገን ክፍት እንዲሆን፣ የፈለገ ሰው ገልጦ እንዲያየው ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ያዘዛቸው ሰው እንደሌለና ክፍቱ ጠርዝ ቶሎ እንደሚተረተር አስጠንቅቀውኝ፣ ጠርዙን በወፍራም ክር ዘምዝመው ሠሩት። ማስጠንቀቂያውም ሥራውም ተገቢ ነበር።

የጥገናው ጥራት፣ ከአንድ ሥፍራ በቀር፣ ካሰብሁት በላይ ነው። ቀዳዳው አይጣፍም፤ መጀመሪያ በመርፌ ድር ይዘረጋበታል፣ ከዚያ ማግ ይገባበታል፣ በመጨረሻም በሙቅ ውሃ እየራሰ በመዳፍ ሲታሽ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይያያዛል። አስቸጋሪው ቀለሙ ነው፤ ጥቁር የበግ ጠጉር ፀሐይ ሲመታው ወደ ቡናማ ስለሚሄድ አዲስ ጥቁር ክር በአሮጌ ባና ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰውየው ይህን የፈቱት በበጉ ጀርባ ላይ ሳለ ፀሐይ ያገረጣውን የጠጉር ጫፍ እየመረጡ ለብቻ በማስፈተል ነው፤ ፈታዩዋም እናታቸው ናቸው። ከታች በግራ ጠርዝ የገባው ጥገና ግን ጠንክሯል፣ ሲታጠፍም እሺ አይልም፤ ከመጠን በላይ የታሸ ይመስለኛል። ሳሳያቸው አልካዱም፤ ሲለበስ ይላላል አሉ። እስካሁን አልላላም።

ጉድለቶቹን ልጨምር። ደረሰኝ የለም፤ በአሮጌ የተማሪ ደብተር ላይ ስምና ስልክ ይጻፋል፣ ያ ብቻ ነው። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ ይጠየቃል። የተቀጠረው ቀን አይከበርም፤ በገበያ ቀን ስልክ አይነሣም፤ ከሩቅ የመጣ ደንበኛ በዚህ ምክንያት በከተማው ሊያድር ስለሚችል ወፍራም ልብስ ይያዝ። ዕቃው ይጠፋል የሚል ሥጋት ግን አይግባችሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መዘዞና ሞላሌ በደረሰ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሲሸሽ የራሱን አዳዲስ ባና ትቶ የደንበኞችን አሮጌ ባና በአህያ ጭኖ እንደሄደ ሸማኔው ነግረውኛል፤ ደብተሩንም አሳይተውኛል፣ ከሽሽቱ በፊት የተመዘገቡት ስሞች ሁሉ ከፊታቸው ምልክት አለባቸው። አዲሱ ሊተካ ይችላል፣ የሰው አደራ ግን አይተካም ነው ያሉኝ።

ለራሴም አንድ አዲስ ባና ገዝቻለሁ። ዋጋው ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ በእጅጉ ይበልጣል፣ ለመፍተሉና ለመርገጡ ድካም ግን ውድ ሊባል አይችልም። በአዲስ አበባ የመንዝ ባና እየተባለ ከሚሸጠው ውስጥ ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ስላለ፣ ባለሱቁ ራሳቸው ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ያሳያሉ። ንጹሕ የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቅቃል፤ ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። የእኔው አመድ ሆኗል። ሲርስ የበግ ሽታ አለው፤ ወደ ልብስ ማጠቢያ መኪና ማስገባት ግን ባናውን የሕፃን ልብስ ማድረግ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ።

የተጠገነውን ባና አሁን ያስቀመጡት አክስቴ ናቸው። ክፍቱን ድርብ ገልጠው ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለዋወጠና፣ የአባታቸው ባና ላይ ይህን ነገር ለምን አስቀረህብኝ ብለው ተቆጡኝ፤ ዝጋው፣ ካልዘጋኸው እኔ እሰፋዋለሁ ብለዋል። በሌላ በኩል ከወንድምየው ወገን የሆነ፣ ከዚህ ቀደም ለሠርግ እንኳ የማንጠራራው ዘመዴ ወሬውን ሰምቶ ደውሎልኛል፤ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው አለኝ። አክስቴ እስካሁን አልፈቀዱም። ሸማኔውን በስልክ ሳማክራቸው፣ አራተኛውን ወገን መዝጋት የግማሽ ሰዓት ሥራ እንደሆነና ለዚህ ገንዘብ እንደማይቀበሉ ገልጸውልኝ፣ በችኮላ በመኪና እንዳይሰፋ ግን አደራ አሉኝ፤ የመኪና ስፌት የውስጡን አሮጌ ክር ይበጥሰዋል።

ወደዚህ ሱቅ አሮጌ ባና የምትወስዱ ሰዎች ሳታጥቡ ውሰዱት፤ የተቀደደ ባና ሲታጠብ የክሩ ጫፍ ስለሚኮማተር ጠጋኙ የሚይዘው አያገኝም። ክረምት ሳይገባ ብትሄዱ ይመረጣል፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያደርቁበት የላቸውምና። ድርብ ያለበት ባና ከሆነ ደግሞ ሲፈታ እዚያው ቁሙ፤ ከቤተሰባችሁ ትልቅ ሰው ይዛችሁ መሄድ ከቻላችሁም ይዛችሁ ሂዱ፣ እማማ የሚጠይቁት ጥያቄ አያልቅም።